የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛነትና የግል የሣር ማጨድ ንግድ፦ ከሜሪላንድ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሁለት ሥራ ይዞ መኖር የተለመደ ነው። ለአነስተኛ ንግዶች የሒሳብ መዝገብ ስለምይዝና የግብር ማስታወቂያ ስለማዘጋጅ፣ ቀን ሆስፒታል ውሎ ማታ ታክሲ የሚነዳውንም፣ ሳምንቱን ቢሮ ውላ በሰንበት የድግስ ምግብ የምታዘጋጀውንም አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች ይደክማሉ፤ ሆኖም አንዱ ሥራ መቼ እንደሚያበቃና ሌላው መቼ እንደሚጀምር አስቀድመው ያውቃሉ። እዚህ የምመዘግበው ጉዳይ የሚለየው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ባለጉዳዩ የያዘው አዲስ ሥራ በማንኛውም ሰዓት ሊጠራው የሚችል ሲሆን፣ አስቀድሞ ያቋቋመው ንግድ ደግሞ ለደንበኛ የተወሰነ ቀን ቃል በመግባት የሚኖር ነበር። ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቃዱን ሰጥቶኛል፤ ማንነቱን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን ግን ትቻቸዋለሁ ወይም ለውጫቸዋለሁ።

የባለጉዳዩ ዳራ

ባለጉዳዩ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ሲሆን፣ በዲቪ ዕድል አሜሪካ ከመግባቱ በፊት በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መስመር ላይ ለዓመታት ሠርቷል። በአገር ቤት የሚያውቀው በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተዘረጋ የ15 ወይም የ33 ኪሎ ቮልት መስመርና ለአንድ ሰፈር በሙሉ የሚያገለግል ባለ ሦስት ፌዝ ትራንስፎርመር ነበር። እዚህ ያገኘው በብዙ ሰፈር 7,200 ቮልት የተሸከመ ነጠላ ሽቦና ለጥቂት ቤቶች ብቻ 120 እና 240 ቮልት የሚሰጥ፣ በየምሰሶው የተንጠለጠለ ትንሽ ትራንስፎርመር ነው። ከፍታን አለመፍራቱና የሽቦን ጠባይ ማወቁ ጠቅሞታል፤ የሥራ ልምዱ ግን በወረቀት አልተቆጠረለትም። ስለዚህ እንደማንኛውም ጀማሪ በአፕረንቲስነት፣ ማለትም እየሠራ በሚማር ተለማማጅነት መግባት ነበረበት።

የሣር ማጨዱን ንግድ የጀመረው ከዚህ አምስት ወቅቶች ቀደም ብሎ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በአንድ ያገለገለ የሚገፋ ማጨጃና በጎረቤቶቹ ግቢ ነው። ሥራው አድጎ በ2023 መጨረሻ 42 ቋሚ ደንበኞች፣ አንድ ፒክአፕ መኪና ከነተሳቢው፣ ተቀምጠው የሚነዱት አንድ ትልቅ ማጨጃና አነስተኛ መሣሪያዎች ነበሩት። ለአንድ ጊዜ አጨዳ ከ45 እስከ 60 ዶላር ያስከፍል ነበር። በዚያ ዓመት ወደ 58 ሺህ ዶላር ጥቅል ገቢ አግኝቶ፣ ነዳጅ፣ ጥገና፣ መድንና የመሣሪያ እርጅና ሲቀነስ የተረፈው 31 ሺህ ያህል ነበር። ለቤተሰቡ የጤና መድን የሚገዛው ከዚሁ ገንዘብ ነው። ከአንድ የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኩባንያ የአፕረንቲስነት ዕድል ሲመጣለት ሳያቅማማ የተቀበለውም ከደመወዙ ይልቅ ለጤና መድኑና ለጡረታው ሲል ነው። እኔም ቢሆን ውሳኔው ትክክል እንደነበረ አምናለሁ።

አዲሱ ሥራ የሚጠይቀው

የመስመር ሠራተኛ አፕረንቲስነት በብዙ ቦታ ወደ 7,000 ሰዓት የሚደርስ የተግባር ሥልጠና ሲሆን ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ይወስዳል። ደመወዙ ከሙሉ ባለሙያው፣ ማለትም ከጆርኒማኑ ደመወዝ በመቶኛ ይጀምርና ሰዓቱ እየተጠራቀመ ሲሄድ በደረጃ ያድጋል። ከባድ መኪና ስለሚነዳ ሲዲኤል የተባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ወዲህም ጀማሪ ሰው ለፈተና ከመቅረቡ በፊት በፌዴራል መዝገብ በተመዘገበ አሠልጣኝ ዘንድ ትምህርቱን መጨረስ አለበት። ባለጉዳዩ ይህንን የጨረሰው ሣር በማይበቅልበት ክረምት ስለሆነ በዚያ በኩል ችግር አልገጠመውም።

ችግሩ የመጣው ከጥሪው ነው። አፕረንቲሱ በተራው ሳምንት ስልኩን ከእጁ ሳይለይ ተረኛ ሆኖ ይውላል፤ በትልቅ አውሎ ነፋስ ጊዜ ደግሞ ተረኛ የሆነውም ያልሆነውም ይጠራል። በእንዲህ ያለው ጊዜ የተለመደው አሠራር 16 ሰዓት ሠርቶ 8 ሰዓት ማረፍ ሲሆን፣ ይህ ለብዙ ቀናት ሊደጋገም ይችላል። ጥሪ የማይመልስ አፕረንቲስ በሕግ ባይከሰስም በባልደረቦቹ ዘንድ ያለው ግምት ይወርዳል፤ በዚህ ሙያ ደግሞ የባልደረባ እምነት ከመሣሪያ አይተናነስም።

ሁለቱ ሥራዎች የተጋጩበት ነጥብ

ባለጉዳዩ ሲጀምር የተጨነቀው ስለ ሰዓት ብዛት ነበር። በሳምንት 40 ሰዓት ለኩባንያው ከሰጠ በኋላ ምሽቱና ሁለቱ የሰንበት ቀናት ለ42 ግቢ ይበቃሉ ወይ የሚለውን በወረቀት አሰላ፤ በስሌቱም በጭንቅ ይበቃሉ። ስሌቱ ያላየው ሁለቱን ሥራዎች የሚያዝዛቸው አንድ ሰማይ መሆኑን ነው።

በሜሪላንድ ግቢዎች በብዛት የሚተከለው ፌስኪዩ የተባለው ሣር ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል። ከኤፕሪል እስከ ጁን በኃይል ያድጋል፣ በጁላይ ሙቀት ይደክማል፣ በሴፕቴምበር እንደገና ይነሣል። ሣሩ ጤናማ ሆኖ እንዲቆይ ቁመቱ ከ3 እስከ 4 ኢንች መጠበቅ፣ በአንድ አጨዳም ከቁመቱ ከሲሶው በላይ አለመቆረጥ አለበት። አንድ ሳምንት ያለፈው ግቢ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ጊዜ መታጨድ ይፈልጋል፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ደግሞ እርጥብ ክምር እየተወ ማጨጃውን ያንቃል። ይህን ሣር የሚያሳድገው የጸደይ ዝናብ ነው፤ ያንኑ ዝናብ ይዞ የሚመጣው ነጎድጓድም ዛፍ በሽቦ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ሣሩ በጣም በሚያድግበት ሳምንት ባለጉዳዩ ምሰሶ ላይ ነው፤ ደንበኛው በጣም በሚፈልገው ቀን እሱ የለም። ሁለቱ ሥራዎች በአማካይ ሲታዩ የሚጣጣሙ ይመስላሉ፤ የሚጋጩት ግን በአማካዩ ሳምንት ሳይሆን በክፉው ሳምንት ነው።

ክፉው ሳምንት የመጣው በጁን 2024 መጀመሪያ ነው። ጁን 5 ቀን በሜሪላንድ በርካታ አዙሪት ነፋሶች ሲነሡ ሞንትጎመሪ ካውንቲም ተመትታ ቤቶች ተጎድተዋል፣ ሰዎች ቆስለዋል፣ ዛፎች በሽቦ ላይ ወድቀዋል። ባለጉዳዩ ለተከታታይ ቀናት ከቤት ወጣ፤ ሲመለስም ለመተኛት ብቻ ነበር። በዚያ ሳምንት ሊታጨዱ ከሚገባቸው ግቢዎች አብዛኞቹ ሳይነኩ ቀሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎችና ያልሠሩበት ምክንያት

ባለጉዳዩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያደረገው አንድ ነገር ትክክል ነበር፤ የግል ንግድ እንዳለው ለኩባንያው የሠራተኛ አስተዳደር በጽሑፍ አሳወቀ። በጽሑፍ የተሰጠው ፈቃድ የኩባንያውን መኪና፣ መሣሪያና ልብስ እንዳይጠቀም፣ የሕመም ፈቃድ ወስዶ እንዳያጭድና ለደንበኞቹ የኤሌክትሪክ ሥራ እንዳይሠራ ያዝዝ ነበር። ይህች ወረቀት በኋላ ብዙ ጊዜ ጠቅማዋለች።

ንግዱን በራሱ ጉልበት ለመያዝ ያደረገው ሙከራ ግን አልሠራም። ከሥራ መልስ ማጨድ ሲጀምር፣ ቀኑ ረጅም በሆነበት በሜይና በጁን እንኳ በአንድ ምሽት ከሦስት ግቢ በላይ አልቻለም፤ የአፕረንቲስ ትምህርት ያለባቸው ምሽቶችም ከቁጥር ወጡ። ሰንበትን ዝናብ ሲበላበት ማካካሻ ቀን አልነበረውም።

ቀጥሎ የአጎቱን ልጅ በጥሬ ገንዘብ እየከፈለ በምትኩ ላከው። ወጣቱ ታታሪ ነው፤ ሆኖም ማንም አላሠለጠነውም። እርጥብ መሬት ላይ ከባዱን ማጨጃ ነድቶ በአንድ ግቢ ጥልቅ የጎማ ፈለግ ተወ፤ በሌላ ቦታ ገመድ ያለው መቁረጫ ያስፈነጠረው ድንጋይ የደንበኛ መኪና መስተዋት ሰበረ። የኃላፊነት መድን ቢኖረውም መድኑ የተገዛው ሠራተኛ የለኝም በሚል መግለጫ ስለነበረ፣ ጥያቄ ከማንሣት ይልቅ መስተዋቱን ከኪሱ ከፈለ። በእኔ ግምት ከመስተዋቱ የሚያሳስበው ወጣቱ ራሱ ተጎድቶ ቢሆን የሚሆነው ነው። በሜሪላንድ ሕግ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለው አሠሪም ቢሆን የሠራተኛ ጉዳት መድን መያዝ ግዴታው ነው። ባለጉዳዩ በሚያዝዘው ሰዓት፣ በእሱ ማሽን፣ በእሱ መመሪያ የሚሠራ ሰው ደግሞ ዘመድም ቢሆን ሠራተኛ እንጂ ራሱን የቻለ ነጋዴ አይደለም።

ነገሩን የለወጠው ግን ገንዘብ አልነበረም። ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ባለጉዳዩ ያመለጡትን ግቢዎች ለመድረስ አንድ እሑድ ቀኑን ሙሉ አጨደ። በማግስቱ በሥልጠና ሜዳ ከምሰሶ ላይ ሰው የማዳን ልምምድ ነበር። ልምምዱ ምሰሶ ላይ ወጥቶ 82 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የሰው ቅርጽ በአራት ደቂቃ ውስጥ በገመድ ማውረድን ይጠይቃል። አራት ደቂቃ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኤሌክትሪክ የተመታ ሰው ልቡ ቆሞ ከሆነ ከዚያ በላይ መቆየት ለሞት ይዳርገዋል። የባለጉዳዩ ክንዶች ተንቀጠቀጡ፤ ሰዓቱም አለፈበት። ፎርማኑ አልተቆጣም፤ ለብቻው ወስዶ እሑድን እንዴት እንዳሳለፈ ጠየቀው። መልሱን ከሰማ በኋላ፣ ምሰሶው ላይ ያለው ሰው እኔ ብሆን ኖሮ የትኛው ደንበኛህ ሣር ይበልጥብኝ ነበር ብሎ ጠየቀው። ባለጉዳዩ ይህንን ሲነግረኝ ድምፁ ተለውጦ ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ የሁለተኛ ሥራ ድካም የሠራተኛው የግል ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ ማሰብ አልቻልኩም፤ እንዲህ ባለ ሙያ ዕዳው ለባልደረባም ይተርፋል።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ባለጉዳዩና ባለቤቱ በጁን አጋማሽ መዝገቡን ይዘው መጡ። ተነጋግረን የደረስንበት ሐሳብ ንግዱ ከእሱ አካልና ከተወሰነ ቀን መላቀቅ አለበት፣ ካልሆነም መዘጋት አለበት የሚል ነበር።

በቅድሚያ ደንበኞቹ በካርታ ተለዩ። ከቤቱ ቅርብ በሆኑ ጥቂት መንገዶች ላይ የተሰበሰቡ 16 ደንበኞች ሲቀሩ፣ በየአቅጣጫው የተበተኑት 26ቱ በዚሁ ሥራ ለተሠማራ ሌላ ነጋዴ ተላለፉ። የተስማሙበት ዋጋ የእያንዳንዱ ደንበኛ የአንድ ወር ክፍያ ያህል ሆኖ፣ ደንበኛው ከአዲሱ ሰው ጋር እስከቆየ ድረስ በየወሩ እየተከፋፈለ የሚከፈል ነበር።

የቀሩትን ደንበኞች ባለቤቱ አንድ በአንድ ደውላ አነጋገረቻቸው። ይህ ሥራ ከጠቅላላው መፍትሔ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ባሏ ሁልጊዜ ሐሙስ ማለት ሐሙስ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ከደንበኞቹ አብዛኞቹ ግን ቀኑን ሳይሆን አስቀድሞ መነገርን እንደሚፈልጉ ታወቀ። ከመካከላቸው አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት፣ «ልጄ፣ ቀኑን እናንተ ምረጡት፤ ብቻ ስትወጡ የአጥሩን በር ዝጉልኝ» ብለዋታል። በዚህ መሠረት አዲሱ ስምምነት ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ባለው ጊዜ ውስጥ ማጨድን፣ የአውሎ ነፋስ ጥሪ ሲኖር ደግሞ እስከ አሥር ቀን መዘግየትን የሚፈቅድ ሆነ፤ ባደገው ሣር ምክንያት ተጨማሪ ክፍያ እንደማይጠየቅም ተጻፈ። ሁለት ደንበኞች አልተስማሙም፤ በሰላም ተለያዩ፤ በምትካቸው ከዚያው መንገድ ሌሎች ተገኙ።

የአጎቱ ልጅ ደብልዩ ቱ የተባለው የደመወዝና የግብር መግለጫ ቅጽ የሚሰጠው መደበኛ ሠራተኛ ሆነ። የሠራተኛ ጉዳት መድን ተገዛ፣ የኃላፊነት መድኑ መግለጫም ታረመ። ባለጉዳዩ ሁለት ሙሉ ቅዳሜዎችን ወስዶ አሠለጠነው፤ መሬት ሲረጥብ ከባዱን ማሽን ትቶ ቀላሉን መውሰድን፣ ተዳፋት ላይ በየት በኩል መንዳት እንደሚገባ፣ ሥራውን የማቆም ሥልጣንም የራሱ መሆኑን አስተማረው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አልነበረም። ወጣቱ ለታላቁ ካለው አክብሮት የተነሣ ለእያንዳንዱ ነገር «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» እያለ ይደውል ነበር፤ ምሰሶ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ስልክ አያነሣም። ጥሪው ወደ ባለቤቱ እንዲዞር ሲደረግ ችግሩ ተቃለለ።

ከፊል ብቻ የተሳካው

በመኸር የሚሠራው አፈሩን መብሳትና ዘር መጨመር ጥሩ ገቢ ያለውና ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ሰፊ ጊዜ የሚሰጥ ሥራ ስለሆነ፣ ከመስመር ሥራው ጋር ይስማማል ብለን አስበን ነበር። ነገር ግን የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት የሚበረታውም በዚያው ጊዜ ነው። ሀሪኬን ሄሊን ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 በፍሎሪዳ ከመሬት ሲደርስ፣ ከብዙ ግዛቶች የመስመር ሠራተኞች ለእርዳታ ተንቀሳቀሱ፤ ባለጉዳዩም ከቡድኑ ጋር ወደ ደቡብ ሄደ። ሳይመለስ ሚልተን ተከተለ። የአጎቱ ልጅ አጨዳውን ያለ ችግር ሲያካሂድ ዘሩ ግን ከግማሹ ግቢ በላይ አልደረሰም። በ2025 ዘሩ በኦገስት መጨረሻ እንዲጀመርና የመብሻው ማሽን ቀድሞ እንዲያዝ በማድረግ ተሻሽሏል፤ ነገር ግን በዚህ ወቅት የሚገኝን ገቢ አስቀድሞ እንደ ተገኘ መቁጠር አይገባም።

በግብር በኩል ደግሞ የግል ንግድ ያለው ሰው በየጊዜው ከሚከፍለው የግብር ቅድመ ክፍያ ውስጥ የ2024 ሁለተኛው ክፍያ ቀን ጁን 17 ነበር፤ ይህም በአውሎ ነፋሱ ሥራና በእረፍት ማጣቱ መካከል አለፈው። መፍትሔው የተገኘው ከአዲሱ ሥራ ነው። ከደመወዝ ተቀንሶ የሚከፈል ግብር በዓመቱ መጨረሻ ቢበዛም ዓመቱን ሙሉ በእኩል እንደተከፈለ ስለሚቆጠር፣ ባለጉዳዩ ከደመወዝ የሚቀነሰው ግብር በሚወሰንበት በኩባንያው የደብልዩ ፎር ቅጽ ላይ ከደመወዙ ተጨማሪ ግብር እንዲቀነስ ጠየቀ። ከንግዱ ትርፍ ላይ የሚመጣው 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ግብርና የገቢ ግብሩ በዚሁ ስለተሸፈነ ሩብ ዓመት እየጠበቀ መክፈሉ ቀርቷል። ደመወዝና የግል ንግድ አጣምሮ የያዘ ሰው ሁሉ ይህንን መንገድ ቢያውቀው እወዳለሁ።

ውጤቱ

በ2025 ንግዱ ከሁሉም ወጪ በኋላ ለባለጉዳዩ ያስተረፈው ወደ 12 ሺህ ዶላር ነው። ከቀድሞው 31 ሺህ ጋር ሲነጻጸር ያነሰ ቢመስልም፣ የአሁኑ የተገኘው እሱ በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ ሳይሰጠው ነው። የካውንቲው ሕግ በቤንዚን የሚሠራ የቅጠል መንፊያ (ቅጠል በአየር ኃይል የሚጠርግ መሣሪያ) መጠቀምን ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ስለከለከለ በባትሪ የሚሠሩ መግዛት ግድ ሲሆን፣ ለ16 ደንበኛ ሁለት በቂ ሆነዋል፤ ለ42 ቢሆን ወጪው ብዙ ነበር። የማዳን ልምምዱን በድጋሚ ሲወስድ ከተሰጠው ጊዜ ቀድሞ ጨርሷል። አፕረንቲስነቱም በደረጃው እየቀጠለ ነው።

ለሌሎች የሚተላለፍ ትምህርት

ጥሪ ያለበት ሥራ የሚጀምር ሰው ጎን ለጎን የሚይዘውን ንግድ ሲመዝን ስንት ሰዓት ይወስዳል ከሚለው ጥያቄ በፊት፣ አሥር ቀን ብጠፋ ምን ይሆናል ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። መልሱ ደንበኛ አጣለሁ ከሆነ ንግዱ ገና አልተዘጋጀም። ይህ ለነርስ፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኛና ለረጅም ርቀት ሾፌርም ይሠራል።

ለመስመር ሠራተኛ ብቻ የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ደንበኞች የባለጉዳዩን አዲስ ሙያ ሲሰሙ ሽቦ ላይ የተደገፈ ቅርንጫፍ እንዲቆርጥላቸው፣ የቆጣሪ ሳጥን እንዲያይላቸው መጠየቅ ጀመሩ። እሱ በጽሑፍ የተሰጠውን ፈቃድ እየጠቀሰ ሁሉንም እምቢ ብሏል፤ ለአጎቱ ልጅም ከማንኛውም ሽቦ ቢያንስ 10 ጫማ መራቅን፣ ችግኝ ለመትከል ከመቆፈር በፊትም ከመሬት በታች ያሉ መስመሮች እንዲጠቆሙ 811 መደወልን ግዴታ አድርጎበታል። በወዳጅነት የተቆረጠች አንዲት ቅርንጫፍ ሰው ልትገድልና ሥራውን ልታሳጣው ትችላለች።

ደንበኞችን ማስተላለፍን በተመለከተ፣ ጊዜው ዋጋውን እንደሚወስን ታይቷል። በፌብሩዋሪ፣ ወቅቱ ሳይጀመር፣ ማንም ደንበኛ ሳይከፋ ቢሸጡ ኖሮ ከወር ክፍያ በላይ መደራደር ይቻል ነበር። በጁን ሲሸጡ ግን ከ26ቱ አንዳንዶቹ ሣራቸው አድጎ፣ ተቆጥተው የነበሩ ስለሆነ ስድስቱ ከአዲሱ ነጋዴ ጋር አልቆዩም፤ በውሉ መሠረትም ለእነሱ የሚከፈለው ገንዘብ ቆሟል። የቀሩት የሃያዎቹ ክፍያ ግን በሙሉ ደርሶታል።